ያልዛገችው መቀርቀሪያ

አንድ ሰው ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አዲስ መኪና ያስረጃል።

አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ሰው አሮጌ መኪና ሲያድስ አይታችኋል። ቀለም ሲያስቀባ፣ ሲያስወለውል፣ መስተዋት ሲያስመስል አይታችኋል። ይሄ ሰው ግን አዲሱን መኪና ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጭቃ ይቀባዋል። ጭኑ ላይ አልኩ? አዎ፣ መኪናው ከክንድ ብዙም አይበልጥም። ከቆርቆሮና ከጣውላ የተሠራ፣ ጋቢናው፣ ስፖንዳው፣ ጎማው ሁሉ ልኩን ጠብቆ ያነሰ የጭነት መኪና ነው። ለፊልም ነው የሚሠራው።

ሰውየውን ጋሽ ይርዳው እንበለው። አዳማ ነው የሚኖረው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው ቤቱ ገባ። እጁ ግን አርፎ መቀመጥ አልሆነለትም። የዘይት ቆርቆሮ እየቆረጠ ድሮ የነዳቸውን መኪኖች በትንሹ መሥራት ጀመረ። ጎረቤት እያየ ተደነቀ፣ የጎረቤት እንግዳ ፎቶ አነሳ፣ ፎቶው ዞሮ ዞሮ ዮዲት የምትባል የፊልም ዳይሬክተር እጅ ገባ።

ዮዲት የምትሠራው ፊልም ስለ ሹፌሮች ነው። ፊልሙ ውስጥ አንድ አሮጌ መኪና ገደል ይገባል። እንደዚያ ያለ መኪና ዛሬ መንገድ ላይ የለም፣ ቢኖርም ማን ገደል ይጨምረዋል? ስለዚህ ትንሹን አሠርታ፣ ትንሽ ገደል አሠርታ፣ በካሜራ ከቅርብ ልታነሳው አሰበች። ጋሽ ይርዳው ዘንድ መጣች።

መኪናው የጋሽ ይርዳው ሥራ ይሁን፤ ታሪኩስ የማን መሰላችሁ? እሱም የራሱ የጋሽ ይርዳው ነው። ስትመጣ ሻይ ቀረበላት፣ ጨዋታ መጣ፣ ጋሽ ይርዳውም የታወቀባትን ወሬ አወጋት። ዮዲት ሰምታ ስትጨርስ ደብተሯን ዘግታ፣ "በቃ፣ ይሄንን ነው የምሠራው" አለች።

እናንተም ስሙት እንግዲህ። ጋሽ ይርዳው ሲያወራው እንዲህ ነበር።

"ከዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን እየወጣን ሳለ ሞተሩ ጋለ። ጥግ ያዝኩና ረዳቴን፣ ንጋቱ ይባላል፣ ታኮ አስገባ አልኩት።"

ታኮ ምን እንደሆነ የማታውቁ እናቶች አላችሁ። መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር የሚወሸቅ እንጨት ነው። ረዳቱ ከመኪና ዘሎ ሲወርድ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ እሱ ነው። በጋሽ ይርዳው መኪና ላይ ታኮው የራሱ ማስቀመጫ ነበረው፤ ከሻንሲው ጎን የተበየደች የብረት ኪስ፣ ክዳኗ በመቀርቀሪያ የሚዘጋ።

"ንጋቱ ታኮውን ረስቶ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ምንጩ ወረደ። እኔ ደግሞ አንዲት ሴት በለስ ስትሸጥ አይቼ ዘወር ስል፣ መኪናው ከነጭነቱ ወደ ኋላ ሄደላችኋ። ገደል ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልነካም። ንጋቱ ውኃውን ተሸክሞ ሲመጣ መኪና የለም። ‘ታኮ አስገብቻለሁ’ ብሎ ድርቅ አለ። ከትራፊኩ ጋር ገደል ወርደን ብናይ ታኮው የት አለ? ኪሱ ውስጥ። ክዳኑ እንደተዘጋ። ከዚያ በኋላ ልጁ ምን ይበል?"

ሹፌሮች ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር። በዓል ላይ፣ ለቅሶ ቤት ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ "እስቲ ያቺን የታኮዋን" ይሉታል። ንጋቱም ከሥራው ተባረረ፣ ከአንዱ መናኸሪያ ሌላው መናኸሪያ ስሙ እየቀደመው ረዳት አድርጎ የሚቀጥረው ጠፋ። "ታኮ የረሳው" የሚል ስም ወጣለት። ይህን ስም ንጋቱ ስንት ዓመት እንደተሸከመው አስቡት።

ወደ ትንሹ መኪና እንመለስ።

ጋሽ ይርዳው ሁለት ወር ሠራው። ቆርቆሮውን ቆረጠ፣ በየደ፣ በእስቶኮ አለሰለሰ፣ ሰማያዊ ቀለም ነፋው። ቀጥሎ ማስረጀት መጣ። ቀይ አፈር በወንፊት ነፍቶ በውኃ በጥብጦ ከላይ እስከ ታች ቀባው። የከሰል ዱቄት ነሰነሰበት። በጥርስ ብሩሽ ጭቃ ረጨበት። ዮዲት መጥታ አየችው፣ ዞረችው፣ ጎንበስ ብላ አየችው።

"ጋሽ ይርዳው፣ አይቆጡኝና፣ ይሄ መኪና ቆሽሿል እንጂ ሥራ አልሠራም" አለችው።

"እንዴት ማለት?"

"ይሄ ዝገት ከየት መጣ? ይሄ ጭቃ ለምን ጣሪያው ላይ ወጣ? ጣሪያው ላይ የተነዳ መኪና አለ? ካሜራው እዚህ ድረስ ነው የሚጠጋው" አለችና ጣቷን አስጠግታ አሳየችው። "እያንዳንዱ ጭረት ምክንያት ይኑረው። እርስዎ እኮ ነዱት። የት የት እንደተላጠ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።"

ቅር አለው። ሰው ሁለት ወር የለፋበትን አጣጥለውበት ቅር የማይለው ማነው? እሷ ስትሄድ ግን መኪናውን በውኃ አጥቦ እንደገና ፊቱ አስቀመጠው። አየው። ልክ ነሽ አለ በልቡ።

ከዚያ በኋላ የሠራው ሥራ፣ ወገኖቼ፣ ሌላ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ መንዳት ጀመረ። ክንዱን በመስኮት አውጥቶ የሚያሳርፍበት የግራው በር ጠርዝ ላይ ቀለሙን በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ፈቀቀው። ነዳጅ ሲሞላ የሚፈስበትን ቦታ የተቃጠለ ዘይት አስነካው። ከኋላ ስፖንዳው ላይ ጨው ነስንሶ በላዩ ቀለም ቀባ፣ ሲደርቅ ጨውን አራገፈው፣ ቀለሙ ጭነት የገጨው መስሎ ተላጠ። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ ያወጣውን ቡናማ ውኃ ዝናብ በሚያርፍበት ስፌት ላይ በቀጭን ብሩሽ አስኬደው፤ ዝገት ሆነ። ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ ኮምጣጤዬ አለቀ ብላ ተቆጣች። እሱ አልሰማትም፣ መንገድ ላይ ነበር።

ቀስ በቀስ ደግሞ ከሹፌሩ ቦታ ወደ ረዳቱ ቦታ ደረሰ።

ከቀኝ በር ሥር ያለችውን መርገጫ ፈግፍጎ አሳሳት፤ ንጋቱ የሚቆምባት ናት። በሩ ላይ ያለችውን መያዣ አብረቀረቃት፤ ንጋቱ የሚንጠለጠልባት ናት። ከዚያ የታኮዋ ኪስ ጋ መጣ። መቀርቀሪያዋ የክብሪት እንጨት ታክላለች። ምን ትምሰል ብሎ አሰበ። ንጋቱ በቆሙ ቁጥር ይከፍታታል፣ በተነሱ ቁጥር ይዘጋታል። ሦስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። በቀን ስንት ጊዜ ይቆማሉ? ለነዳጅ፣ ለምሳ፣ ለፍተሻ፣ ለጎማ። ቀለም አይተርፍባትም። እጅ እንደነካው ሳንቲም ነው የምትሆነው። ብርጭቆ ወረቀቱን አንስቶ ፈቀቃት፣ ቀለሙ ሄደ፣ ራቁቱን የቀረው ብረት ብልጭ አለ።

ብልጭ ሲል የጋሽ ይርዳው እጅ ቆመ። መቀርቀሪያ እስኪያበራ የከፈተን ሰው ነው እኮ፣ "ረሳ" ሲለው የኖረው።

በሳምንቱ ዮዲት መጣች። መኪናውን አይታ ደስታዋ ሌላ ሆነ። በሩን ዳሰሰች፣ ስፖንዳውን ዳሰሰች፣ "አሁን ሠራ" አለችው። ከዚያ የታኮዋ ኪስ ላይ ስትደርስ ግን ግንባሯን ቋጠረች።

"ይህቺ ብቻ ትስተካከል። መቀርቀሪያዋ የዛገች መሆን አለባት፣ ዙሪያዋን አፈር የሞላት። ካሜራው መኪናው ሊንሸራተት ሲል እሷ ላይ ነው የሚያርፈው። ያ ረዳት ነክቷት እንደማያውቅ ተመልካቹ በአንድ አፍታ ይግባው። አርብ እንወስደዋለን።"

"እሺ" አላት። ምን ይበል?

አያችሁ፣ ሥራው ትንሽ ነው። አንድ ጠብታ ናት። ኮምጣጤ የነካው ብሩሽ ጫፍ፣ የክብሪት እንጨት በምታክል ብረት ላይ። ጋሽ ይርዳው መኪናውን ጭኑ ላይ አደረገ፣ ብሩሹን ነከረ፣ አስጠጋ። አልቻለም። ብሩሹን ጠርጎ አስቀመጠ። ተነስቶ ጓሮ የተከለውን ቲማቲም ውኃ አጠጣ፣ ተመልሶ ነከረ፣ አስጠጋ። አልቻለም። 

ለምን? አሁን እውነተኛውን ልንገራችሁ።

ንጋቱ ታኮውን አስገብቶ ነበር። መኪናው እንደቆመ ዘሎ ወርዶ፣ መቀርቀሪያዋን ከፍቶ፣ ታኮውን ከጎማው ሥር ወሽቆ፣ በእግሩ መታ መታ አድርጎ ነው ጀሪካኑን ያነሳው። እሱ እንደወረደ ጋሽ ይርዳው ፀሐዩ መረረው። ጥቂት ወደፊት ብጠጋ ጥላ አለ ብሎ አሰበ። ታኮውን ራሱ አወጣው፣ ኪሱ ውስጥ መለሰው፣ ዘጋው። ጋቢና ሊገባ ሲል በለስ ሻጯ ጠራችው። የእጅ ፍሬኑ ልል እንደሆነ ያውቃል። አንዴ ነው፣ ምን ይሆናል ብሎ ዞረ። ሌላውን ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ባለንብረቱ መጣ፣ ትራፊኩ መጣ፣ "ምን ሆነ?" ተባለ። መንጃ ፈቃዱ፣ እንጀራው፣ የአራት ልጆቹ ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ ፊቱ መጣበት። "ታኮ አላስገባም" አለ። ለዚያች ቀን ብቻ ብሎ ነበር። ግን ታኮው ኪሱ ውስጥ ተገኘ፣ ውሸቱ ምስክር አገኘ፣ ምስክር ያገኘ ውሸት ደግሞ እግር አወጣ። ወሬ ሆነ። ጨዋታ ሆነ። አሁን ፊልም ሊሆን ነው። በእኛስ ቤት እንደዚህ አይደለም የሚያድገው?

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ አስካለ ቁርስ ይዛለት መጣች። ብሩሹ ደርቋል፣ እሱ መኪናውን አቅፎ ተቀምጧል።

"ምን ሆነሃል አንተ?"

"አስካለ፣ ያቺን የታኮ ወሬ ስንት ጊዜ ሰምተሻታል?"

"ኤዲያ፣ ማን ቆጠረው።" አጠገቡ ተቀመጠች። ቁርሱን ፊቱ አስቀምጣ፣ "ንጋቱ ውኃ ሊቀዳ ወረደ የምትለው ጋ ስትደርስ ግን ሁልጊዜ ውኃ ትጠጣለህ" አለችው።

"ምን?"

"ትጠጣለህ። ሠርግ ላይም ቢሆን። ብርጭቆ ከሌለ ዝም ብለህ ትውጣለህ። አንድ ነገር እዚያ ጋ እንዳለ አውቃለሁ። አልጠየቅኩህም።"

ነገራት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ነገረ። አልጮኸችበትም፣ አልመከረችውም። ቤት ገብታ ካርቶን ይዛ ወጣችና መኪናውን በጨርቅ ጠቅልላ ከተተችው። "ሞጆ ጎሚስታ ቤት አለው ይሉታል። ጎማ ጠጋኝ ሆኗል። ሂድ" አለችው።

ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ሚኒባስ ተሳፈረ። ወያላው "አባት፣ እሱን ከኋላ እንጫነው" አለው። "አይሆንም፣ ይሰበራል" አለው። እውነቱን ነው፣ ሊሰበር የደረሰ ነገር ይዞ ነበር። በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ "ወራጅ አለ" ሊል አፉን ከፈተ። ንጋቱ ቢሰድበኝ፣ ደስ ይለኛል አለ በልቡ። ቢመታኝም ይገባኛል። ቤቱ ጭር ቢል፣ የለም ቢባል ግን እንዴት ጥሩ ነበር ብሎም ተመኘ። ልቡን የማይዋሽ ሰው እንዲህ ነው የሚሄደው፤ ወደፊትም ወደ ኋላም እያለ።

ንጋቱ ነበር። አርባዎቹን የጀመረ፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ ቱታው ዘይት የጠጣ ሰው ሆኗል። አንዲት ባጃጅ ጎማዋን ሊለጥፍላት አቁሟታል። ጋሽ ይርዳው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየው።

ንጋቱ ከባጃጇ ጎማ ሥር ታኮ አስገባ። ሜዳ ላይ ናት። ሌላ ታኮ ከፊት አስገባ። መፍቻውን አንስቶ ሊጀምር ሲል ተመልሶ ጎንበስ ብሎ ታኮዎቹን አየ። ሁለቱ ሠራተኞቹ ተያይተው ሳቁ። አንደኛው፣ "አለቃ፣ ባጃጅ እኮ ናት፣ የት ትሄድብሃለች?" አለው። ንጋቱ መፍቻውን ማዞር ጀመረ። ጎማውን ፈቶ ሲጨርስ እንደገና ጎንበስ ብሎ አየ።

ጋሽ ይርዳው ይህን ሁሉ አየ። ሊሰድበኝ ነው ብሎ መጣ እንጂ፣ ንጋቱ ራሱን ሲቀጣ አገኘዋለሁ ብሎ አልመጣም።

ተሻገረ። ንጋቱ ቀና ብሎ ሲያየው እጁ ላይ የነበረው መፍቻ ወደቀ። ጋሽ ይርዳው አፉን ሳይከፍት ንጋቱ ቀደመው። ምን ብሎ ቀደመው መሰላችሁ?

"ጋሼ፣ ይቅር በለኝ" አለው።

አዎ። የተበደለው ነው ይቅር በለኝ ያለው።

"ስንት ጊዜ አዳማ ልመጣ ተነስቼ አፈርኩ። አንተ አምነኸኝ ነበር። ያስገባሁ ይመስለኝ ነበር፣ እስካሁን እግሬ ሲመታው ይሰማኛል። ታኮው ግን ኪሱ ውስጥ ነበራ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሰው እንዴት ያላደረገውን አድርጌያለሁ ብሎ ያስባል? ከዚያ ወዲህ ራሴን አላምነውም ጋሼ። በር ዘግቼ ተመልሼ አያለሁ። ልጄን አዝዬ መንገድ ስሻገር እጄን አላምነውም።"

 ጋሽ ይርዳው ካርቶኑን መሬት አስቀመጠ፣ ጨርቁን ገለጠ፣ መኪናውን አወጣው። ንጋቱ አየ። መርገጫዋን አየ። መያዣዋን አየ። ከዚያ ያቺን ኪስ አየ፣ ያቺን የምታበራ መቀርቀሪያ። ጣቱን ዘርግቶ ነካት።

"ይህቺንም አስታወስክ?" አለው።

"አንተ ነህ ያብረቀረቅካት" አለው ጋሽ ይርዳው። "በቆምን ቁጥር ከፍተሃታል። ያን ቀንም ከፍተሃታል። ታኮውን አስገብተህ ነበር። እኔ ነኝ ያወጣሁት። እኔ አውጥቼ እኔ ዘጋሁት። በአንተ አሳበብኩ።"

የባጃጇ ባለቤት ሳይቀር ሊሰማ ቀረብ አለ።

"አስገብቼ ነበር?" አለ ንጋቱ።

"አስገብተህ ነበር።"

"ጋሼ፣ ታኮውን አስገብቼ ነበር?"

"አስገብተህ ነበር። በእግርህም መታ መታ አድርገኸው ነበር። እኔ አይቻለሁ።"

ንጋቱ የተጋደመ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን በዘይታም እጁ ሸፈነ። ጋሽ ይርዳው፣ ንጋቱ ሊቆጣ ነው ብሎ ጠበቀ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየ፣ እያለቀሰ ነው ብሎ አሰበ። ቀና ሲል ግን ግማሽ ፊቱ ጥቁር ሆኖ እየሳቀ ነው፣ እንባው እየወረደ ይስቃል። ትልቅ ዕቃ ከጀርባው ያወረዱለት ሰው ነበር የሚመስለው።

ጋሽ ይርዳው ጎንበስ ብሎ፣ "ይቅር በለኝ" አለው።

ንጋቱ ምን አለው? ይቅር ብዬሃለሁ አለው ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አላለውም፤ የሆነውን ነው የምነግራችሁ።

"እሱን ቆይተን እናወራዋለን ጋሼ። ብዙ የማወራህ አለኝ። እናቴ እስክትሞት እኔ እንደረሳሁ ነው ታውቅ የነበረው። ደግሞ እቆጣለሁ፣ ይታወቀኛል። አሁን ግን..." ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። "ኑ እስቲ፣ ሁለታችሁም ኑ። ጋሼ፣ ያልከውን ድገምላቸው።"

ጋሽ ይርዳው ደገመው። በዚያች ጎሚስታ በር ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ፣ ለሁለት የማያውቃቸው ሰዎችና ለአንድ ባለ ባጃጅ ደገመው። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያስቅበት የነበረውን ወሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አወራው። ውኃ ሳይጠጣ።

ንጋቱ ምሳ ሳትበላ አትሄድም ብሎ አልለቀቀውም። ከዚያ ወዲህም ሁለቱ ብዙ አውርተዋል፤ የተቆጣበትም ቀን ነበር፣ ይቅር ያለበትም ቀን መጣ። ዮዲትም በዚያው ቀን በስልክ ተነገራት። መጀመሪያ ተበሳጨች፣ ፊልሟን አበላሸባት። ቀጥሎ፣ "እንግዲያው መቀርቀሪያዋ እንዳለች ትቆይ። ታኮውን የሚያወጣው ሹፌሩ ይሆናል" አለች። አርብ መጥታ መኪናውን እንደነበረ ወሰደችው።

እኔን ግን የምትገርመኝ ሌላ ነገር ናት። ጋሽ ይርዳው ሊሄድ ሲነሳ አንድ ሌላ መኪና ጥግ ያዘ። ንጋቱ ታኮውን ይዞ ሄደ፣ ከጎማው ሥር አስገባ፣ መታ መታ አድርጎ ተመለሰ። ጥቂት እንደራመደ ቆመ፣ እንደለመደው ሊያይ ዞረ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ትከሻውን ነቀነቀና ሥራውን ቀጠለ። ተመልሶ አላየም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ስለ መኪና ስለሆነ ወንዶቹ ነቅታችሁ ሰምታችኋል፣ ተባረኩ። ግን ነገሩ የመኪና አይደለም። እኛ ኃጢአትን ስናስብ የራሳችንን ሸክም ብቻ ነው የምናስበው። "ይከብደኛል፣ ልናዘዝ፣ ይቅለለኝ" እንላለን። መልካም ነው። ግን ጋሽ ይርዳው ዝም ሲል የራሱን ሸክም ብቻ ነበር የያዘው? የንጋቱንም ዕረፍት ይዞበት ነበር። የአንድ ሰው እንቅልፍ በእሱ ኪስ ውስጥ ተቀርቅሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። አንድ ቃል ነበር የሚከፍተው።

በእናንተ ኪስ ውስጥ የማን ዕረፍት አለ?

መሥሪያ ቤት ፋይሉን ያጠፋሽው አንቺ ሆነሽ ማስጠንቀቂያ የተጻፈባት ባልደረባሽ ናት? አንተ አባት፣ ተናደህ የወጣህበትን ቀን ልጅህ "በእኔ ምክንያት ነው" ብሎ እንደሚያስብ ታውቃለህ? ትልቅ ሰው ሆኗል እኮ። ሚስት አግብቷል። እስካሁን ድምፅህ ከፍ ሲል ምን አጠፋሁ ብሎ ይፈትሻል። ስለ እሱ አልነበረም፤ ያን ቀን ሌላ ቦታ ተዋርደህ ነው የመጣኸው። ታውቀዋለህ። ነግረኸዋል?

አንዳንዶቻችሁ ውሸቱ ተረት ሆኖላችኋል። ጨዋታ አዋቂ ተብላችሁበታል። ሰው ሲስቅ እናንተ ግን እዚያ ቦታ ላይ ስትደርሱ ውኃ ትጠጣላችሁ። አጠገባችሁ የተኛችው ሴት ታውቃለች። እግዚአብሔርም ያውቃል። አንድ ቀን ደግሞ አንድ ሰው መጥቶ፣ "ያቺንም አዝገህ ስጠኝ" ይላችኋል። የቀረችውን ትንሽ እውነት አጥፋት ይላችኋል። ያን ጊዜ እጃችሁ እምቢ ቢላችሁ አትዘኑ። ገና እንዳልሞታችሁ ነው ምልክቱ።

ደግሞ ንጋቱ የሆናችሁ አላችሁ፣ እዚሁ ተቀምጣችሁ። ያልረሳችሁትን ረሳችሁ ተብላችሁ፣ ብዙ ሰው ሲለው አምናችሁ፣ ራሳችሁን የማታምኑ። በር ዘግታችሁ ሦስት ጊዜ የምትመለሱ። ለእናንተ ጋሽ ይርዳው ካርቶን ይዞ ይመጣ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ አልዋሻችሁም፣ ላይመጣ ይችላል። አንድ ያየ ግን አለ። ጎማው ሥር ጎንበስ ብላችሁ ስትወሽቁት አይቷችኋል። እሱ ፊት መቀርቀሪያችሁ አልዛገችም። በዚህ ዛሬ እረፉ።

ሌሎቻችን ግን፣ እኔንም ጨምሮ፣ ከዚህ ስንወጣ ወደ ቤት ቀጥታ አንሂድ። ስልክ ያለው ይደውል። መንገዱ የሚቀርብ ይሂድ። ምን ብዬ ልጀምር አትበሉ፣ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ያ ሰው ስንት ዓመት ሲጠብቃት የኖረችው አንዲት ቃል ናት።

"አስገብተህ ነበር" በሉት።